ፎንቶችን ከካድ ሶፍትዌር ጋር አስማምቶ የመጠቀም የአሠራር መመሪያ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተስተካክሎ የተሠራ የካድ (በኮምፒውተር የሚነደፍ የቴክኒክ) ሥዕል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊታይ፣ በታይትል ብሎኩ (የሥዕሉ ርእስና መረጃ በሚጻፍበት ሳጥን) ውስጥ የነበረው ስም ከሳጥኑ አልፎ ሊወጣ፣ የልኬት ቁጥሮችም ከመስመሮቻቸው ጋር ሊደራረቡ ይችላሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሥዕሉ ፋይል የሚይዘው የፎንቱን ስም እንጂ የፊደላቱን ቅርጽ አይደለም። መስመሩ፣ ክቡና ቅስቱ ከነመጋጠሚያ ነጥቦቻቸው በፋይሉ ውስጥ ተመዝግበው ሲሄዱ፣ ጽሑፉ ግን የፊደላቱን መለያ ቁጥርና በየትኛው ፎንት መታየት እንዳለበት የሚገልጽ ስም ብቻ ይዞ ይጓዛል። ተቀባዩ ዘንድ ያ ፎንት ከሌለ ሶፍትዌሩ በምትኩ ሌላ ያስገባል፤ የገባው ፎንት ደግሞ የፊደላቱ ስፋትም ሆነ በውስጡ ያሉት ፊደላት ከዋናው የተለዩ ናቸው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው በአውቶካድ ለሚሠሩ ነው፤ ሌሎች የካድ ሶፍትዌሮች የሚለዩባቸው ነጥቦች በስተመጨረሻ አካባቢ ተገልጸዋል። የትእዛዞቹና የሜኑዎቹ ስሞች በእንግሊዝኛው አነጋገር እንደሚሰሙት ተጽፈዋል።

1. በእጅዎ ያለው ፎንት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ማንኛውንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት የፎንቱን ፋይል ቅጥያ ይመልከቱ። በካድ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ዋና ዋና ዓይነቶች አራት ናቸው፤ አንዱ ላይ የሚሠራው መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

የመጀመሪያው ኤስኤችኤክስ ነው። ይህ የአውቶካድ የራሱ ዓይነት ሲሆን አመጣጡም በብዕር ከሚጽፉ ፕሎተሮች ጋር የተያያዘ ነው። በፋይሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ፊደል አሣሣል ብዕሩን ዝቅ ማድረግ፣ ወደዚህ አቅጣጫ ይህን ያህል መሳብ፣ ከዚያም ማንሣት በሚሉ ተከታታይ እርምጃዎች ተጽፏል። ስለዚህ ፊደሉ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ውስጡ የሚሞላ ገላ የለውም፤ የሚታተምበት ውፍረትም የሚወሰነው ለሌየሩ (ሥዕሉ ለሚከፈልበት ንብርብር) ወይም ለቀለሙ በተሰጠው የመስመር ውፍረት ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር አብረው የሚመጡት ቲኤክስቲ፣ ሲምፕሌክስ፣ ሮማንስ እና አይሶሲፒ የሚባሉት ፎንቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ በዚሁ ቅጥያ የሚጠሩ ነገር ግን ፎንት ያልሆኑ ፋይሎችም አሉ። እነዚህ በመስመር ዓይነቶች ላይ የሚገቡ ምልክቶችን የሚይዙ የሼፕ ፋይሎች ሲሆኑ፣ ኤልቲታይፕሼፕ የሚባለው በብዛት የሚታወቀው ነው።

ሁለተኛው ትሩታይፕ ነው፤ ቅጥያው ቲቲኤፍ ነው። አፕል አበልጽጎ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው፣ ማይክሮሶፍትም በ1992 በዊንዶውስ 3.1 ያስገባው ይህ ዓይነት የፊደሉን ዙሪያ በሁለተኛ ዲግሪ ኩርባዎች ይገልጽና ውስጡን ይሞላል። የአውቶካድና የአብዛኞቹ ካድ ሶፍትዌሮች ድጋፍ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የጸና ነው። ቲቲሲ የሚል ቅጥያ ካዩ ብዙ ትሩታይፕ ፎንቶችን በአንድነት የያዘ ፋይል መሆኑን ይወቁ።

ሦስተኛው ኦቲኤፍ፣ ማለትም ኦፕንታይፕ ነው። ማይክሮሶፍትና አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ያደረጉት ይህ ዓይነት ሁለት መልክ አለው። አንዱ በውስጡ የትሩታይፕን ኩርባ ይይዛል፤ ሌላው ከፖስትስክሪፕት (ከአዶቢ የኅትመት ቋንቋ) የተወረሰውን የሦስተኛ ዲግሪ ኩርባ ይይዛል። በካድ ሥራ ላይ ችግር የሚፈጥረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ አውቶካድ በአግባቡ ስለማይደግፈው በፎንቶች ዝርዝር ውስጥ ጨርሶ አይታይም፤ ቢታይም እንኳ በኅትመት ጊዜ አስተማማኝ አይሆንም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በዊንዶውስ ላይ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ተጭነው ይክፈቱ፤ በሚታየው የናሙና መስኮት ራስጌ ላይ «ትሩታይፕ አውትላይንስ» ወይም «ፖስትስክሪፕት አውትላይንስ» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ።

አራተኛው ታይፕ 1 የሚባለው ቀደምት የአዶቢ ዓይነት ነው፤ ቅጥያው ፒኤፍቢ ነው። አዶቢ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ድጋፉን አቁሞለታል፤ በአሮጌ ሥዕሎች ውስጥ ካልሆነ በቀር ሊያጋጥምዎ አይገባም፤ ለአዲስ ሥራም አይምረጡት።

2. ሥዕሉ የትኞቹን ፎንቶች እንደሚፈልግ ያረጋግጡ

የጎደለው ፎንት ኤስኤችኤክስ ከሆነ አውቶካድ ሥዕሉን ሲከፍት የጎደሉ ፋይሎች መኖራቸውን የሚገልጽ መስኮት ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ምትክ እንዲመርጡ ወይም ዝም ብለው እንዲቀጥሉ ይጠይቅዎታል። ብዙ ሰው በችኮላ የሚቀጥልበትን አማራጭ ይጫናል፤ ይህ ግን ትልቅ ፍንጭ መጣል ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየው የስም ዝርዝር ሥዕሉ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች በትክክል ስለሚናገር፣ ከሁሉ አስቀድመው ገልብጠው ይያዙት።

የጎደለው ትሩታይፕ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ መስኮት አይወጣም። ሶፍትዌሩ በጸጥታ ሌላ ፎንት ይተካና ሥዕሉ ምንም እንዳልጎደለው ሆኖ ይከፈታል። በእኔ አመለካከት ከሁለቱ የከፋው ይህ ነው፤ የጥያቄ ምልክት የሞላበትን ሥዕል ማንም ሳያስተውለው አያልፍም፤ በመልኩ የሚመሳሰል ነገር ግን ጥቂት የሰፋ ፎንት የተተካበት ሥዕል ግን ሳይታወቅ እስከ ኅትመት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ማንኛውም ሥዕል ሲከፈት «ስታይል» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው የጽሑፍ ስታይሎቹን፣ ማለትም የጽሑፉን ፎንት፣ ቁመትና ስፋት በአንድ ስም የሚይዙትን ቅንብሮች፣ አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ለእያንዳንዱ የተመዘገበው የፎንት ስም በኮምፒውተርዎ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከዚህ የተሟላ መረጃ የሚሰጠው «ኢትራንስሚት» የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ዋና ተግባሩ ፋይሎችን ለመላክ ማሸግ ቢሆንም፣ የሚያዘጋጀው ሪፖርት ከሥዕሉ ጋር የተያያዙ ፋይሎችንና ሊገኙ ያልቻሉትን ይዘረዝራል።

3. በስክሪኑ ላይ ከሚያዩት ምልክት ተነሥተው ምክንያቱን ይለዩ

ፊደሎቹ በጥያቄ ምልክት ከተተኩ አብዛኛውን ጊዜ ስታይሉ ኤስኤችኤክስ ፎንት ላይ ቆሟል፤ ያ ፎንት ደግሞ የተጻፈውን ፊደል አልያዘም ማለት ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታዩ ደግሞ ፎንቱ ትሩታይፕ ሆኖ ለዚያ ፊደል ቅርጽ የለውም። ጽሑፉ የሚነበብ ሆኖ ስፋቱ ብቻ ከተዛባ ዋናው ፎንት ጠፍቶ ሌላ ተተክቷል። ፊደላቱ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች መልክ ከታዩ ሥዕሉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው መመዘኛ) በፊት በነበረ አሠራር በተዘጋጀ ፎንት ነው፤ ይህንን በተመለከተ ወደ ሰባተኛው ደረጃ ይሂዱ።

ጽሑፉ በሙሉ ወደ ጎን ተኝቶ ከታየ በስታይሉ የተመረጠውን የፎንት ስም ይመልከቱ። ስሙ በ@ ምልክት የሚጀምር ከሆነ ከላይ ወደ ታች ለሚጻፉ የምሥራቅ እስያ ጽሑፎች የተዘጋጀው አቀማመጥ ተመርጧል ማለት ነው፤ ያለ ምልክቱ የተጻፈውን ያንኑ ስም ሲመርጡ ይስተካከላል።

የዲያሜትር፣ የዲግሪና የመደመር መቀነስ ምልክቶች ብቻቸውን ከጠፉ ጉዳዩ ሌላ ነው። አውቶካድ ለእነዚህ ሁለት የፐርሰንት ምልክቶችን ተከትለው በሚመጡ ሲ፣ ዲ እና ፒ ፊደላት ይጠቀማል፤ ከሌላ ወገን የተዘጋጁ አንዳንድ ኤስኤችኤክስ ፎንቶች ግን ቦታዎቹን ባዶ ትተዋቸዋል ወይም ሌላ ምልክት አስቀምጠውባቸዋል። የዲያሜትር ምልክት የሌለው የልኬት ቁጥር የተሳሳተ ልኬት ስለሆነ፣ አዲስ ፎንት ከመቀበልዎ በፊት ሦስቱን ምልክቶች በአንድ መስመር ጽፈው ይፈትኑት።

4. የጎደለውን ፎንት በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጡ

ከምትክ ሁሉ የሚሻለው ዋናው ፎንት ነው፤ ስለዚህ የሥዕሉን ባለቤት ፋይሉን ይጠይቁ። ከመጣልዎ በኋላ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዓይነቱ ነው።

ኤስኤችኤክስ ፎንት በዊንዶውስ ላይ አይጫንም። በአውቶካድ መጫኛ ውስጥ «ፎንትስ» በተባለው ፎልደር ሊያስቀምጡት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር እዚያ ያስቀመጡት ስለሚረሳ፣ የራስዎን ፎልደር ከፍተው በ«ኦፕሽንስ» መስኮት፣ «ፋይልስ» በሚለው ክፍል፣ በድጋፍ ፋይሎች መፈለጊያ መንገድ ዝርዝር ላይ ቢጨምሩት ይመረጣል። ብዙ ሰው በአንድ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ከሆነ ፎልደሩን በጋራ ሰርቨር ላይ ማድረግ የሁሉንም ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። ለአንድ ሥዕል ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ፎንቱን ሥዕሉ ባለበት ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ አውቶካድ እዚያም ይፈልገዋልና።

ትሩታይፕ ፎንት ግን በዊንዶውስ ላይ መጫን አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ፤ ዊንዶውስ 10 ከ1809 እትም ጀምሮ ፎንትን እንዲሁ ሲጭኑት የሚያስገባው ለእርስዎ የተጠቃሚ መለያ ብቻ ነው፤ እንዲህ የተጫነ ፎንት በሌሎች ሶፍትዌሮች እየታየ በካድ ሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ለሁሉም ተጠቃሚዎች የሚጫንበትን አማራጭ ይምረጡ። ከዚያም ካድ ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት፤ የፎንት ዝርዝሩ የሚነበበው ሲነሣ ነውና ሥዕሉን ብቻ ዘግቶ መክፈት አይበቃም።

5. ዋናው ፎንት ካልተገኘ ምትኩን ራስዎ ይወስኑ

ምትክ መምረጡን ለሶፍትዌሩ ከመተው ይልቅ በራስዎ ውሳኔ እንዲሆን ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው «ፎንትማፕ» በተባለው ተለዋዋጭ (ዋጋው ሊቀየር በሚችል የሶፍትዌሩ ቅንብር) የሚጠራው የማዛመጃ ፋይል ነው። ይህ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ የሚከፈት ተራ ፋይል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መስመር የጎደለው ፎንት ስም ያለ ቅጥያ ይጻፋል፤ ሴሚኮለን ይከተላል፤ ከዚያም የምትኩ ፎንት ስም ከነቅጥያው ይጻፋል። ሥዕሉ ራሱ አይለወጥም፤ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚታይበት መልክ ብቻ ይቀየራል። ይህ ከሌላ ወገን ለተላከና ተመልሶ ለሚሄድ ሥዕል ተስማሚ ነው፤ ላኪው ሲመለስለት የራሱን ፎንት እንደ ነበረ ያገኘዋል።

ሁለተኛው «ፎንታልት» የተባለው ተለዋዋጭ ነው። በማዛመጃ ፋይሉ ላይ ያልተጠቀሰ ማንኛውም የጎደለ ፎንት በዚህ በተጠቀሰው ይተካል፤ ሲጫን ተሞልቶ የሚመጣው ሲምፕሌክስ ነው። ሲምፕሌክስ የላቲን ፊደላትን እንጂ የግዕዝን አልያዘም፤ የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት ሥዕል በጥያቄ ምልክት የሚሞላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምትክ ሲመርጡ ከመልክ ይልቅ ስፋትን ያስቀድሙ። ከዋናው ሥዕል የታተመ ወረቀት ወይም ፒዲኤፍ ካለ፣ አንድ ረጅም የጽሑፍ መስመር መርጠው ርዝመቱን ከተተካው ጋር ያመሳክሩ፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ በስታይሉ ላይ ያለውን የስፋት መጠን ከ1 ወደ 0.9 ወይም 0.85 ዝቅ በማድረግ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ በታች ሲወርድ ፊደላቱ ስለሚጨመቁ ሌላ ምትክ መፈለግ ይሻላል። የጎደለው የሼፕ ፋይል ከሆነ ግን በማንኛውም የጽሑፍ ፎንት አይተኩት፤ የመስመር ዓይነቶቹ ምልክታቸውን ያጣሉ፤ የአጥር፣ የጋዝ ወይም የውሃ መስመር መለያውም አብሮ ይጠፋል። የሼፕ ፋይል መፍትሔው ዋናውን ማግኘት ብቻ ነው።

6. ስታይሉ ተቀይሮ ጽሑፉ ያልተቀየረበትን ምክንያት ይፈልጉ

ፎንቱን በስታይሉ ላይ ከቀየሩ በኋላ አንዳንድ ጽሑፎች በአሮጌው መልክ ሲቀሩ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ነው። ባለ ብዙ መስመር ጽሑፍ፣ ማለትም ኤምቴክስት፣ በውስጡ የራሱን የቅርጸት ትእዛዝ መያዝ ይችላል። አንድ ሰው በማረሚያው መስኮት ቃላቱን መርጦ ፎንት ከቀየረ፣ ወይም ጽሑፉን ከሌላ ሶፍትዌር ገልብጦ ከለጠፈ፣ የፎንቱ ስም በስታይሉ ሳይሆን በጽሑፉ በራሱ ውስጥ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ በስታይሉ ላይ የሚደረገው ለውጥ አይነካውም። መፍትሔው ጽሑፉን ከፍቶ ሁሉንም መምረጥና ቅርጸቱን በሙሉ የሚያስወግደውን ትእዛዝ መስጠት ነው፤ የተለጠፈ ጽሑፍ ሲያስገቡም ያለ ቅርጸት የሚለጥፈውን አማራጭ ቢለምዱ ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል። የጽሑፉን አንዱን ቃል ብቻ ማድመቅ የፈለጉ እንደሆነ ቅርጸቱ ሲወገድ ድምቀቱም አብሮ እንደሚጠፋ ያስታውሱ።

የልኬት ቁጥሮችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የሚከተሉት በልኬት ስታይሉ ላይ የተጠቀሰውን የጽሑፍ ስታይል ነው፤ ያ የጽሑፍ ስታይል ቋሚ ቁመት ተሰጥቶት ከሆነ በልኬት ስታይሉ ላይ የሚጻፈው ቁመት ዋጋ አይኖረውም። ለልኬት የሚውል የጽሑፍ ስታይል ቁመቱ 0 ሆኖ ይቀመጥ፤ ቁመቱን ልኬት ስታይሉ ይወስነው። የብሎክ አትሪቢዩቶች (በአንድነት በታሰረ ሥዕል፣ ማለትም በብሎክ፣ ውስጥ የሚሞሉ ጽሑፎች) ደግሞ በብሎኩ ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ታይትል ብሎክን ሲያስተካክሉ የብሎኩን ትርጉም ከፍተው ማረምና አትሪቢዩቶቹን ማመሳሰል ያስፈልግዎታል።

አዲስ ሥዕል የሚጀምሩ ከሆነ በቴምፕሌትዎ (አዲስ ሥዕል በሚጀመርበት መነሻ ፋይል) ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይበልጡ የጽሑፍ ስታይሎችን ብቻ ያስቀምጡ፤ አንዱ ለልኬትና ለማስታወሻ፣ ሌላው ለርእስ ይሁን። ለቁመት በአይኤስኦ 3098 መመዘኛ የተቀመጡት 2.5፣ 3.5፣ 5፣ 7 እና 10 ሚሊሜትር በቂ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከቀደመው በ1.4 እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ ወረቀቱ ከኤ3 ወደ ኤ2 ሲያድግ ጽሑፉም በዚያው ልክ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይሄዳል። በዚሁ መመዘኛ ቢ በተባለው የአጻጻፍ ዓይነት የመስመሩ ውፍረት የቁመቱ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ በኤስኤችኤክስ ለሚጻፍ የ3.5 ሚሊሜትር ጽሑፍ የሌየሩን የመስመር ውፍረት 0.35 አድርጎ ማስቀመጥ የሚነበብና የተስተካከለ ጽሑፍ ይሰጣል።

7. የግዕዝ ፊደላትን በዩኒኮድ ትሩታይፕ ፎንት ብቻ ይጻፉ

የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሳቸውን ቦታ አግኝተዋል። ከዚያ በፊት የተዘጋጁት ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ እየጫኑ ይሠሩ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ሥዕል ያ ልዩ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ፎንት በመቀየር ማዳን አይቻልም፤ የፊደላቱ መለያ ቁጥር ራሱ የላቲን ነውና። ወይ በመቀየሪያ መሣሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ወይም ጽሑፉ ጥቂት ከሆነ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። አሮጌ ሥዕሎችን ደጋግመው የሚጠቀሙ ከሆነ ይህንን ሥራ አንድ ጊዜ ጨርሰው ቢገላገሉ እመክራለሁ፤ በየጊዜው አሮጌውን ፎንት እየፈለጉ መጫን ችግሩን ያስተላልፋል እንጂ አያስወግደውም።

ለአዲስ ሥራ በዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ጀምሮ የመጣው ኒያላ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግዕዝን የጨመረው ኢብሪማ፣ እንዲሁም በነጻ የሚገኙት አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አሉ። በዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ በአማራጭ ከሚታከሉት ፎንቶች መካከል ስለሆነ፣ ተቀባዩ ዘንድ አለ ብለው አያስቡ፤ ኢብሪማ ግን ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ስለሚኖር ለሚላላክ ሥዕል የተሻለ ዋስትና አለው።

ፎንቱን ከመምረጥዎ በፊት በሥዕሉ ላይ የሙከራ መስመር ይጻፉ። በመስመሩ ላይ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ጿ ያሉት ፊደላት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና አራት ነጥብ፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች፣ የላቲን ፊደላትና የዲያሜትር ምልክት ይኑሩበት፤ በአንድ ሥዕል ላይ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው መምጣታቸው አይቀርምና አንዱ የጎደለው ፎንት ለሥራው አይሆንም። ከዚያም በትክክለኛው መጠን አትመው ቁመቱን በማስመሪያ ይለኩ። የካድ ሶፍትዌር የጽሑፍን ቁመት የሚቆጥረው በላቲን ትልልቅ ፊደላት ስለሆነ፣ በአንዳንድ ፎንቶች የግዕዙ ፊደል 2.5 ተብሎ ተጽፎ ከዚያ አንሶ ይታተማል፤ ዝርዝር ቅርጽ ያላቸው ፊደላት ደግሞ በዚያ መጠን ይደፈናሉ። ለግዕዝ ማስታወሻ ከ3 ሚሊሜትር በታች ባይወርዱ ጥሩ ነው።

8. ኦቲኤፍ ፎንት መጠቀም ግድ ከሆነ

አንዳንድ ድርጅቶች በመለያቸው ላይ የሚጠቀሙበት ፎንት በፖስትስክሪፕት ኩርባ በተሠራ ኦቲኤፍ ብቻ ይገኛል። በመጀመሪያ የፎንቱ አዘጋጅ የቲቲኤፍ እትም እንዳለው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ከሌለና ፈቃዱ መለወጥን የሚከለክል ካልሆነ፣ ፎንትፎርጅ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ፋይሉን ከፍተው ከ«ፋይል» ሜኑ «ጄኔሬት ፎንትስ» የሚለውን በመምረጥ ትሩታይፕ አድርገው ማውጣት ይችላሉ። የሦስተኛ ዲግሪው ኩርባ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ሲለወጥ በግምት ስለሚቀራረብ፣ የፊደሉን መደብ (ፊደሉ የሚነደፍበትን የመለኪያ ክፍልፋይ ብዛት) ከ1000 ወደ 2048 አሳድጎ መለወጥ ቅርጹን ይበልጥ ይጠብቀዋል። የተለወጠውን ፎንት የውስጥ ስሙንም ይቀይሩት፤ ከዋናው ጋር በአንድ ስም ከተጫነ ዊንዶውስ የትኛውን እንደሚያቀርብ አይታወቅም። ውፍረቱ እንደ ተፈለገ የሚለዋወጥ ቫሪያብል ፎንት ካለዎትም ለካድ ሥራ የሚሆነው እያንዳንዱ ውፍረት በየራሱ ፋይል የተቀመጠበት ቋሚ እትሙ ነው።

ፎንቱ የሚፈለገው ለአንድ መለያ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ጽሑፉን በሌላ ሶፍትዌር ወደ መስመር ቅርጽ ለውጠው እንደ ሥዕል በብሎክ ያስገቡት።

9. ሥዕሉ ወደ ሌላ ሶፍትዌር የሚሄድ ከሆነ

ብሪክስካድ ኤስኤችኤክስንም ትሩታይፕንም ያነባል፤ «ፎንታልት» እና «ፎንትማፕ» የሚባሉት ተለዋዋጮችም በዚያው ስም አሉት። ማይክሮስቴሽን ደግሞ ከሁለቱ በተጨማሪ የራሱ አርኤስሲ የተባለ የፎንት ዓይነት አለው። ሬቪት የሚሠራው በትሩታይፕ ብቻ ነው፤ የካድ ሥዕል ሲገባበት ኤስኤችኤክስ ፎንቶችን የሚያዛምድበት «ኤስኤችኤክስፎንትማፕ» የተባለ የጽሑፍ ፋይል ስላለው፣ በእያንዳንዱ መስመር የኤስኤችኤክሱን ስም፣ ታብ፣ ከዚያም የትሩታይፑን ስም በመጻፍ ምትኩን መወሰን ይቻላል። ሊብሬካድ የሚጠቀመው ኤልኤፍኤፍ በተባለ የራሱ ዓይነት ሲሆን፣ ትሩታይፕን ወደዚያ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። ፍሪካድ በድራፍት ክፍሉ ባለው፣ ጽሑፍን ወደ ቅርጽ በሚለውጥ መሣሪያ ቲቲኤፍን፣ ኦቲኤፍንና ፒኤፍቢን ይቀበላል፤ የሚጠይቀው ግን የፎንቱን ስም ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን አድራሻ ስለሆነ፣ ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

ሥዕሉ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ወይም ወደ መቁረጫ ማሽን የሚሄድ ከሆነ ትሩታይፕ አይመረጥም። ማሽኑ የፊደሉን ዙሪያ ተከትሎ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ጭረት ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ ጊዜውም ይረዝማል፤ ትንንሽ ፊደላትም ይበላሻሉ። እዚህ ላይ የአንድ መስመሩ ኤስኤችኤክስ አሁንም ተወዳዳሪ የለውም።

10. ለኅትመትና ለመላክ ያዘጋጁ

ፒዲኤፍ ሲያወጡ በፒዲኤፍ አማራጮች ውስጥ ፎንቶቹን ከፋይሉ ጋር የሚያካትተውን ምልክት ያብሩ፤ ሁሉንም ጽሑፍ ወደ ቅርጽ የሚለውጠውን ያጥፉት። የሚለወጥ ከሆነ በፒዲኤፉ ውስጥ ቃል መፈለግም ሆነ መገልበጥ አይቻልም። አንዳንድ ትሩታይፕ ፎንቶች በሌላ ፋይል ውስጥ እንዳይካተቱ የሚከለክል ምልክት በውስጣቸው አላቸው፤ እንዲህ ያለው ፎንት በፒዲኤፉ ላይ ሌላ ሆኖ ከታየ ሌላ ፎንት መምረጥ ይሻላል። ኤስኤችኤክስ ግን በፒዲኤፍ ላይ ምንጊዜም መስመር ሆኖ ይወጣል፤ የቅርብ ዓመታት እትሞች ጽሑፉን ለፍለጋ እንዲያገለግል በማስታወሻ መልክ ያስቀምጡታል፤ ማስታወሻዎቹ አንባቢውን ካስቸገሩት «ፒዲኤፍኤስኤችኤክስ» የተባለውን ተለዋዋጭ ወደ 0 ይመልሱት። በወረቀት ላይ የትሩታይፕ ፊደላት ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ከታተሙ «ቴክስትፊል» የተባለው ተለዋዋጭ 0 ሆኗል ማለት ነው፤ 1 ያድርጉት።

የሚላከው ሥዕሉ ራሱ ከሆነ በ«ኢትራንስሚት» ያሽጉት፤ በማዋቀሪያው ውስጥ ፎንቶችን የሚያካትተውን ምልክት ማብራትዎን ያረጋግጡ። የተገዛ ትሩታይፕ ፎንት ካለበት ግን ተቀባዩ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ እንደሌለው ካወቁ ምልክቱን አጥፍተው የፎንቱን ስም በደብዳቤ ያሳውቁት ወይም ከመላክዎ በፊት በሁሉም ዘንድ በሚገኝ ፎንት ይተኩት። ከጥቅሉ ጋር የሥዕሉን ፒዲኤፍ ምንጊዜም አብረው ይላኩ፤ ተቀባዩ የተከፈተለትን ሥዕል ከእርሱ ጋር አመሳክሮ አንድ ፎንት እንኳ ተቀይሮ ከሆነ በታይትል ብሎኩና በልኬት ቁጥሮቹ ስፋት ወዲያው ያውቀዋል።